በዳር ያለው ለምን ይቀዘቅዛል?

ሰው በቤቱ ሙቀት ተደስቶ በሚቀመጥበት ጊዜ፥ ያው ሙቀት እስከ ቤቱ ዳር መድረሱን የመጠየቅ ግዴታ አለበትን? ሙቀቱን ከማንም አልሰረቀም፤ ማንንም ገፍቶ አልቀማም፤ ለምንጩ ቀርቦ በመገኘቱ ብቻ ከሌላው አስቀድሞ ደረሰው። እንዲህ ያለው ሰው በዳር ሆኖ ስለሚቀዘቅዘው ባልንጀራው ይጠየቃልን ወይስ አይጠየቅም? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጉባኤ የሚያስፈልገው ይመስላል። ወደ እኛ የመጣው ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን እንደ ሆነው አድርገን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን የሚጋርዳት የእንጦጦ ተራራ ግን እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፥ በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ በተራራው ግርጌ የሚኖር ሰው፥ መገናኛ ከሚኖረው ይልቅ ብርድን አብልጦ ያውቃል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ወርዶ በየግቢው ሲተኛ፥ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እንደ ረጠበ ይሰበሰባል።

በዚሁ ሰፈር አንድ አብሮ አደጋችን ብዙ ዓመት በውጭ አገር ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠራ። በኖረበት አገር እንደ ለመደው ሁሉ ከምድር ቤቱ አንድ ቦይለር አቁሞ፥ የሞቀውን ውሃ ፓምፕ እየገፋ በቧንቧ በየክፍሉ እንዲያዞረው አደረገ። በሳሎኑ፥ በእንግዳ ክፍሉና በመኝታ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ የብረት ማሞቂያ ተሰቀለ። ከሁሉ በመጨረሻ፥ ከፎቁ ጫፍ፥ እናቱ በሚኖሩበት ክፍል አጠገብ ባለው መታጠቢያ ቤት፥ እንደ መሰላል ርብራብ ያለው የፎጣ ማሞቂያ ገባ። ይህ ዕቃ በአገራችን ብዙ የተለመደ ስላልሆነ አሠራሩን ጥቂት እንግለጽ። የሞቀው ውሃ በአንደኛው እግሩ ይገባል፤ በርብራቡ ውስጥ ዞሮ ብረቱን ያሞቃል፤ ሙቀቱን ከሰጠ በኋላ በሌላው እግሩ ወጥቶ እንደ ገና ለመሞቅ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። በላዩ የተሰጣው ፎጣ ይደርቃል፤ ክፍሉም ለብ ይላል።

የወዳጃችንን እናት እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ በመሸጥ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጅዮውም ያንን የፎጣ ማሞቂያ ያስገባው፥ «ጀርባዋ ብርድ የጠገበ ነው» ብሎ፥ ስለ እርሳቸው ሲል ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ እማማ በመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ወድቀው ተገኙ። በውስጡ የቡና ከሰል ምድጃ ፍም እንደ ያዘ ነበረ፤ በአጠገቡም በርጩማ ላይ እርጥብ ፎጣ ተሰጥቶ ነበር። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ዓይን የማያየው፥ አፍንጫም የማያሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ፥ ሰውን አድክሞ፥ ራሱን አዙሮ፥ ሳይታወቀው ይገድላል። እማማ በሩን ከፍተው ለመውጣት የሚበቃ ጉልበት ቀርቷቸው ስለ ነበር ተረፉ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ሲጠየቁ፥ ያ ብረት መሞቁን ከተወ ሁለተኛ ክረምቱ መሆኑን ተናገሩ። እኛም በዚያው ሳምንት ልንጠይቃቸው ሄደን ይህን ስንሰማ ተደነቅን፤ እንግዳ የሚቀበሉበት ሳሎን ኮት የሚያስወልቅ ሙቀት ነበረውና።

ወዲያው ምክር ሆነ። አንዱ፥ «ብረቱ ተበላሽቷል፤ ይለወጥ» አለ። እኛም እንደ ተማረ ሰው ብንጠየቅ፥ «ቦይለሩ አንሷል፤ ከዚህ የሚበልጥ ይገዛ» ስንል ፈረድን። ሁለቱ ምክሮች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይተባበራሉ። ምክር ሰጪዎቹ ሁሉ ሳሎን እንደ ተቀመጥን ተናገርን እንጂ፥ ማናችንም ወደ ላይ ወጥተን ብረቱን በእጃችን አልዳሰስንም።

በማግሥቱ ከኮተቤ አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። እርሱ ምንም ሳይናገር ወደ ላይ ወጣና ብረቱን ከታች ጀምሮ በመዳፉ ዳሰሰው። የታችኛው ርብራብ ለብ ብሏል፤ የላይኛው ቀዝቃዛ ነው። «ከላይ የቀዘቀዘው አየር ስለ ያዘ ነው። ከላይ ሞቆ ከታች ቢቀዘቅዝ ኖሮ ዝገትና አተላ ተከማችቶበታል እንል ነበር» ሲል አስረዳን። አየር ከውሃ ስለሚቀል ሁልጊዜ ከፍተኛውን ቦታ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ከያዘም ውሃው እንዲደርስበት አይፈቅድም። ወጣቱ ፓምፑን አስቁሞ፥ ከሥር ጨርቅና ጣሳ ይዞ፥ በብረቱ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ አላላት። የታመቀው አየር እያፏጨ ወጣ፤ ቀጥሎም ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ብሎኗን መልሶ አጠበቃት። ከዚያም ወደ ምድር ቤት ወርዶ የግፊት መለኪያውን ተመለከተ፤ አየሩ ሲወጣ ግፊቱ ቀንሶ ስለ ነበር እስከ ልኩ ድረስ ውሃ ጨመረበት።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ልናሰናብተው ስንል፥ እርሱ ግን ቆይቶ ብረቱን ሁለተኛ ዳሰሰ። ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም። «እዚህ የሚደርሰው ውሃ ጥቂት ነው፤ አየሩም ተጠራቅሞ የቀረው ውሃው ዝግ እያለ ስለሚመጣ ጠርጎ የሚወስድበት ኀይል አጥቶ ይሆናል» አለና በየክፍሉ መዞር ጀመረ። በእያንዳንዱ ማሞቂያ ሥር ሁለት መክፈቻዎች አሉ። አንደኛው በእጅ የሚዞር ሲሆን በክፍሉ የሚኖረው ሰው እንደ ፈቃዱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ነው። ሁለተኛው ግን በክዳን የተሸፈነ፥ በመፍቻ ብቻ የሚዞር ሆኖ፥ ቤቱን የሠራው ባለሙያ ለየክፍሉ የሚደርሰውን ውሃ መጥኖ አንድ ጊዜ የሚያስተካክለው ነው። ወጣቱ የእንግዳ ክፍሉን ክዳን ቢያነሣ መክፈቻው እስከ መጨረሻው ተለቆ፥ በላዩም የፒንሳ ጥርስ ታትሞበት አገኘው። የሳሎኑም እንደዚሁ ነበር። «ይህን የነካው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

የነካነው እኛ ነበርን። ከሁለት ክረምት በፊት ከነቤተሰባችን በዚያ ክፍል በእንግድነት ባደርን ጊዜ ሙቀቱ አልበቃ ብሎን፥ ስለ ቧንቧ ሥራ ጥቂት ያነበብነውን ተመክተን፥ ማንም ሳይፈቅድልን ክዳኑን አንሥተን በፒንሳ ከፈትነው። ሌሊቱን በሙቀት አደርን፤ ጠዋትም ለባለቤቱ ብልሃታችንን ነገርነው። እርሱም ተደስቶ የሳሎኑን እንደዚሁ አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃው ለቦይለሩ በቀረቡትና በሰፊው በተከፈቱት መንገዶች እየዞረ ይመለስ ጀመር፤ ለፎቁ ጫፍ የሚተርፈው ጥቂት ብቻ ሆነ። አንዲት ትንሽ መክፈቻ ዞራ ሁለት ክረምት ሙሉ አንዲት እናት ሲበርዳቸው እንደ ኖሩ፥ በመጨረሻም ከሰል ታቅፈው ለሞት እንደ ቀረቡ ያን ጊዜ ገባን።

ወጣቱ የቀረቡትን ክፍሎች መክፈቻ ሩብ ዙር እየመለሰ፥ ግማሽ ሰዓት እየቆየ፥ እንደ ገና እየዳሰሰ እስከ ቀትር ድረስ ሠራ። በቀትር የፎጣ ማሞቂያው እስከ ላይኛው ርብራብ ሞቀ። አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አስደነቀን። ጠዋቱን ሁሉ በሳሎን ተቀምጠው ሲጫወቱ ከነበሩት ጠያቂዎች መካከል ሙቀት መቀነሱን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ውሃው ክፉ አይደለም፤ ቀላሉን መንገድ መከተል ተፈጥሮው ነው። ለቦይለሩ የቀረበው ብረትም ክፉ አይደለም፤ የመጣለትን ይቀበላል። እኛም ብንሆን የእማማን ሙቀት እንውሰድ ብለን አላሰብንም፤ የራሳችንን ብርድ ብቻ ነበር ያሰብነው። ታዲያ ማንም ክፉ ሳያስብ ክፉ ነገር ተደረገ። በደል እንዲኖር የግድ ጨካኝ ሰው መኖር አያስፈልገውም፤ ለራሱ ብቻ የሚያስብ ቅን ሰው ይበቃል። ነገር ለራሱ ሲተው ወደ ትክክለኛነት አያዘነብልም፤ ወደ ቀረበው ያዘነብላል። ፍትሕ የሚገኘው አንድ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ፥ ከሳሎን እስከ ጫፉ ክፍል ዞሮ፥ በእጁ ዳስሶ ሲመዝን ነው።

«የቀረበው ምን በደለና ነው የሚቀነስበት?» የሚል ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው፤ የተቀነሰበት የሚያስፈልገው ሙቀት አይደለም፤ መኖሩንም ሆነ መጉደሉን የማያውቀው ትርፍ ነው። ለአንዱ የማይታወቅ ትርፍ የሆነው ለሌላው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሲሆን፥ ማካፈሉን ቅሚያ ብሎ መጥራት ቃልን ያለ ቦታው ማዋል ነው። ይሁን እንጂ የቀረቡትን ጨርሶ መዝጋትም ፍትሕ አይደለም፤ ብርዱን ከፎቅ ወደ ሳሎን ማዛወር ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው ወጣቱ ሩብ ዙር እየመለሰ የጠበቀው።

«ትልቅ ቦይለር ቢገዛ ለሁሉ በበቃ ነበር» የሚለውም ምክር፥ የራሳችን ምክር ስለ ነበር፥ ሊመረመር ይገባዋል። በእውነት ለሁሉ የማይበቃ ቤት አለ፤ እንዲህ ባለው ቤት ምንጩን ማሳደግ የግድ ነው። ነገር ግን ቧንቧው ሳይስተካከል ምንጩ ቢያድግ፥ መጀመሪያ የሚጠቀመው ያው አስቀድሞ የሞቀው ክፍል ነው፤ ለዳሩ የሚደርሰው ሁልጊዜ ትርፍራፊ ይሆናል። ስለዚህ ሀብት ሲጎድል፥ ሀብቱን ከመጨመር ጋር አከፋፈሉን መመርመር ይገባል። ሀብቱ እስኪጨመር ድረስም ሁሉም ጥቂት ጥቂት ቢበርዳቸው ይሻላል እንጂ፥ ብርዱ ሁሉ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ትክክል አይደለም።

ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ሙቀት ፍለጋ የተወለደች ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በብርዳማው እንጦጦ ላይ ከትመው ሳለ፥ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ መኳንንቱም በየጊዜው ከተራራው ወደ ሜዳው ወረዱ። ከተማው ሲሰፋ የዙሪያው ደን ለማገዶ አለቀና፥ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ በመሆኑ በእንጦጦና በየግቢው ተተክሎ ከተማይቱን ከማገዶ ረኀብ አዳናት። ነገር ግን ዛፉ በራሱ እግር ወደ ምድጃ አይወርድም። ለብዙ ዘመን ያን ማገዶ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም አድርገው፥ ጎብጠው በገደሉ መንገድ ያወረዱት እንደ እማማ ያሉ ሴቶች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በዚያ የሚንሸራሸር ሰው ንጹሕ አየር ሲስብ፥ በእነዚያ ሴቶች የእግር መንገድ አጠገብ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።

እዚህ ላይ ግን ሐሳባችንን የሚያርም ነገር እናገኛለን። እንጨት ተሸካሚዋ ከማንም ይልቅ ለዛፉ ቅርብ ነበረች። ሆኖም ሸክሟን ሸጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ለራሷ ምድጃ የሚተርፋት ጭራሮና ቅጠል ነበር። እንግዲህ «የቀረበው ይሞቃል» ስንል ቅርበትን በእርምጃ ብቻ አንለካውም። ለምንጩ ቅርብ የሚባለው መክፈቻው በእጁ የሆነ ሰው ነው። መክፈቻው በእጁ ያልሆነ ግን በደኑ መካከል ቢኖር እንኳ ዳር ነው። የመጠጥ ውሃችንም ይህንኑ ያስተምረናል። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፥ የለገዳዲም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ ለከተማው ትልቅ በረከት ሆኗል፤ ዳሩ ግን ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ጊዜ፥ ከፍ ባለ ቦታ የሚኖረው ሰው ሌሊት ነቅቶ ጀሪካኑን ይዞ የሚጠብቀው፥ ግድብ ስለሌለ ሳይሆን ግፊቱ አቀበቱን እስኪወጣ ድረስ በታችኛው ሰፈር ስለሚደክም ነው።

በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊዩስ ከጻፋቸው መልእክቶች በ90ኛው፥ በግድግዳ ውስጥ እየተቀበሩ ሙቀትን ለታችኛውም ለላይኛውም ቦታ በእኩልነት ስለሚያደርሱ ቱቦዎች ያነሣል። ይህንንና ይህን የመሰለውን ብልሃት ያገኙት ዝቅተኞች ባሪያዎች ናቸው፤ ጥበብ ግን ከፍ ባለ ዙፋን ተቀምጣ ነፍስን ታስተምራለች እንጂ እጅን አታስተምርም ይላል። ሊቁን እያከበርን በዚህ አንስማማም። ታችኛውንና ላይኛውን በእኩልነት የሚያሞቅ ቱቦ ያበጀ ሰው፥ ባሪያ ቢሆንም፥ ስለ ፍትሕ ያላሰበ አይመስለንም። በዚያ ቤት ፍልስፍና የተናገርነው እኛ ነበርን፤ እውነቱን ያገኘው ግን የወጣቱ መዳፍ ነው። በአገራችንም ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን ሠራተኛ በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት፥ የእጅ ሥራን የሚንቅ አገር ከዕውቀት እንደሚርቅ ተመልክተው ነው። ያም ሆኖ ወጣቱ በመጣ ጊዜ ሳሎን ግባ ያለው እንዳልነበረ፥ ወደ ምድር ቤቱ የሚወስደው የጓሮ በር ብቻ እንደ ታየው ሳንናገር አናልፍም።

ከሁሉ የከበደን ግን የእማማ ዝምታ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች፥ «አቤቱታ አልቀረበም» ማለት «ጉድለት የለም» ማለት ይመስለናል። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ባለጉዳይ በኮሪደሩ ዳር ዝም ብሎ ሲቀመጥ፥ ዝምታውን እንደ እርካታ እንቈጥረዋለን። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ብርድን ከልጅነቱ የለመደ ሰው ብርድን እንደ ዕጣው ይቈጥረዋል፤ ሙቀት መብቱ መሆኑን ስለማያውቅ ሲጎድልበት አይጮህም። የሚጮኸው ሙቀትን የለመደ፥ ጥቂት ሲቀነስበት የሚታወቀው ሰው ነው። ስለዚህ ጩኸትን ብቻ እየተከተለ የሚያስተካክል ሹም፥ ሳያውቀው ሁልጊዜ ሳሎኑን ያሞቃል። በዳር ያለውን ሄዶ መጠየቅ የመክፈቻው ባለቤት ግዴታ ነው፤ የዳርኛው ሰው ግዴታ አይደለም።

እነዚያ ሁለት መክፈቻዎችም ከዚህ ጋር የሚሄድ ምሳሌ ይሆኑናል። በእጅ የሚዞረው የእያንዳንዳችን ነጻነት ነው፤ ማንም ሊከለክለን አይገባም። በክዳን የተሸፈነው ግን የሁላችን ነው። ዕውቀት ወይም ሥልጣን ወይም ወዳጅነት ስላለን ብቻ ክዳኑን አንሥተን ለራሳችን ልክ ብናዞረው፥ ያን ሌሊት በሙቀት እናድራለን፤ የሚበርደውን ሰው ግን አናየውም፤ በመካከላችን ብዙ ግድግዳ አለና።

ወጣቱ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ወደ እማማ ክፍል ወጥተን ያደረግነውን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ ይቅርታም ለመንን። እርሳቸው ጥቂት ዝም አሉና፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ግን ያን ሌሊት ሞቃችሁ አደራችሁ አይደል?» ሲሉ ጠየቁን። አዎን አልናቸው። «እንግዲያስ መልካም ነው» ብለው፥ ከብረቱ ላይ የደረቀውን ፎጣ አንሥተው በጉልበታቸው ላይ ያጥፉ ጀመር።

ይህን ቃል የተናገሩት በምሕረት ነው እንጂ በነቀፋ አይደለም። እኛ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ፍርድ እንሰማዋለን። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ቤት ያሞቀች ሴት፥ ዛሬም የራሷን ብርድ ረስታ የሌላውን ሙቀት ትጠይቃለች። እኛ ደግሞ ዕድሜያችንን ሙሉ በሌላው ትከሻ ስንሞቅ ኖረን፥ ለመጠየቅ ሁለት ክረምት ዘገየን። ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን፥ «አዎን፥ ይጠየቃል» የሚል ነው። የሚጠየቀውም ስለ ሞቀ አይደለም፤ ሙቀት ኃጢአት አይደለምና። የሚጠየቀው ተነሥቶ ባለመዳሰሱ ነው።